አንዲት ጥምቀት፣ ሁለት ስለት

የኛ መንደር ናዝለት ታድሮስ ትባላለች። ከዓባይ ማዶ፣ ከተራራው ሥር ያለችው ደግሞ ደይር ታድሮስ። እንግዳ ሰው ሲሰማ አንዱን ቅዱስ ለሁለት የተካፈልነው ይመስለዋል። ይህን አፍ አውጥቶ የተናገረ እንግዳ በኛ በኩል ከሆነ ሻይ ሳይቀርብለት ይሄዳል። የኛው ታድሮስ የሹጥብ ከተማው ነው፣ የጦር አለቃው፤ በዓሉ ሐምሌ ሃያ። የማዶዎቹ ምሥራቃዊው ነው፤ በዓሉ ጥር አሥራ ሁለት። ሁለቱም ወታደር፣ ሁለቱም ሰማዕት፣ ሁለቱም ፈረስ ላይ ሆነው ዘንዶ ሲወጉ ነው የሚሳሉት። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ሥዕሎቹን ጎን ለጎን ብታቆሟቸው የሚለዩት በኛው ፈረስ እግር ሥር ባሉት ሁለት ልጆች ብቻ ነው። የአንዲት መበለት ልጆች ናቸው፤ ለዘንዶው ሊሰጡ ሲሉ ታድሮስ ያዳናቸው።

ስሜ ሸፊቃ ነው፤ ልብስ ሰፊ ሴት ነኝ። በሁለቱም ዳር ደንበኛ ስላለኝ የሁለቱንም ዳር ስድብ ጠግቤያለሁ። በኛ አገር ሐምሌ ሐሩር፣ ጥር ብርድ ነው። «የናንተው ጥር ላይ የሚከበረው ፀሐይ ስለማይችል ነው» ይላሉ የኛዎቹ። «የናንተውስ ሐምሌን የመረጠው ብርድ ፈርቶ አይደለም?» ይላሉ እነዚያ። ጀልባ ነጂው ሸውቂ በመሃል ሆኖ ይስቃል። «እኔ ሁለቱንም በየዓመቱ ከነፈረሳቸው አሻግራለሁ፤ እጄ ላይ ተጣልተው አያውቁም። የሚያስቸግረኝ ተሳፋሪው ነው» ይላል።

ያ ሁሉ ጨዋታ ነበር። ወንድሜ ወሂብ ከማዶ ሚስት አግብቶ ልጅ እስኪወለድለት ድረስ ጨዋታ ነበር።

ሚስቱ ኢስቲር ትባላለች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ስትስቅ አፏን በእጅጌዋ የምትሸፍን ልጅ ናት። ከተጋቡ በኋላ ለዓመታት ልጅ አልመጣም። እናቴ ዘሂያ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን ዓይኗ ከምራቷ ወገብ አይነሳም ነበር። ኢስቲር ሎሚ ካማራት እናቴ ደስ ይላታል፤ ኢስቲር ልብስ አጥባ ስታሰጣ ደግሞ እናቴ ፊቷ ይጠቁራል። ወሂብ መሃል ላይ ቆሞ ለሁሉም እሺ ይላል። ወንድሜ እንዲያ ነው፤ ለሸንኮራ ነጋዴው እሺ፣ ለእናቱ እሺ፣ ለሚስቱ እሺ። ሁሉን እሺ የሚል ሰው የማንን እሺ እንደሚፈጽም እሱም አያውቀውም።

በመጨረሻ ልጁ ሰኔ ላይ ተወለደ። በሰባተኛው ቀን እንደ ልማዳችን ወንፊት ውስጥ አስተኝተን ወዘወዝነው፤ ሴቶቹም ጆሮው ሥር ሙቀጫ እየወቀጡ «እናትህን ስማ፣ አባትህን አትስማ፣ አክስትህን ስማ» እያሉ አሳቁን። ቤቱ በሁለቱም መንደር ሰው ጢም ብሎ ነበር። የኢስቲር አባት ሙቀዲስ ባስታ በክብር ቦታ ተቀምጠዋል። ኢየሩሳሌም ደርሰው ስለመጡ ሙቀዲስ ሳይባሉ ስማቸው አይጠራም፤ እዚያ የተነቀሱት መስቀልም ክንዳቸው ላይ አለ።

እናቴ እልልታዋን ስትጨርስ መሃል ቤት ቆመች። «አምና በሐምሌው ንግሥ፣ በታድሮሳችን ሥዕል ፊት ተስያለሁ» አለች። «የልጅ ልጅ ስጠኝ፣ በበዓልህ ቀን በገንዳህ ክርስትና አስነሳዋለሁ ብያለሁ። ይኸው፣ አርባውም በዚያው ሰሞን ይውላል። ከዚህ በላይ ምን ምልክት ትፈልጋላችሁ?»

ሙቀዲስ ባስታ የሻይ ብርጭቋቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «እመት ዘሂያ፣ ይህ ልጅ የተገኘው በኔ ስለት ነው። አምና ጥር ተራራውን በባዶ እግሬ ወጥቼ ለምሥራቃዊው ነግሬዋለሁ። በበዓሉ ቀን፣ በገንዳው።»

«አምና ጥር?» አለች እናቴ። «ልጁ የተጸነሰው መስከረም ነው። ከጥር እስከ መስከረም ታድሮሳችሁ ምን ሲሠራ ከረመ? ተኝቶ ነበር?»

«ከምሥራቅ ነው የሚመጣው፤ መንገዱ ሩቅ ነው» አሉ ሙቀዲስ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ኢስቲር ብቻ አልሳቀችም፤ ልጇን ከወንፊቱ አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

እሷ ቀድማ ገብቷታል። ስለት በግ ቢሆን ለሁለት ይታረዳል፤ ሻማ ቢሆን ሁለት ቦታ ይበራል። ጥምቀት ግን አንዲት ናት፤ ጠዋት ማታ በጸሎተ ሃይማኖት የምንላት ነች። ልጁ በአንደኛው ገንዳ ክርስትና ከተነሳ የሌላኛው ስለት ተበላ ማለት ነው። በኛ አገር ደግሞ ስለት የበላ ሰው ላይ ቅዱሱ ምን እንደሚያደርግ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። የሰጠውን ይወስዳል። ይህን የምንለው ስንቀልድ አይደለም።

ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በሌላው ትንጠለጠላለህ ይባላል። እናቴና ሙቀዲስ ባስታ ሳይነጋገሩ ሁለት ባላ ተከሉ፤ ልጁን መሃል ላይ ሰቀሉት።

የመንደራችን ቄስ አባ ቢሳዳ ነገሩን ሲሰሙ ቤታችን ድረስ መጡ። «ሁለቱ ቅዱሳን ሰማይ ቤት አንድ ማዕድ ይቆርሳሉ» አሉ። «ሰሃን የምትወራወሩት እናንተ ናችሁ። አርባው ሲሞላ ልጁን አምጡልኝ። የትም ይሁን የት፣ ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ። ከዚያ ቅጣት ካለ በኔ ላይ ይሁን።»

«እሺ አባ» አለ ወሂብ።

እኔም ልብሱን ሰፋሁ። ነጭ ሐር፣ ደረቱ ላይ ትንሽ መስቀል፣ ከጥምቀት በኋላ ቄሱ የሚያስሩለት ቀይ መቀነትም ጭምር። አርባኛው ቀን ከበዓሉ ጋር ሊገጥም ጥቂት ሲቀረው ሙቀዲስ ባስታ ተሻግረው መጡ። ግቡ ቢባሉ እምቢ ብለው ደጃፍ ላይ ተቀመጡ።

«ወሂብ ልጄ» አሉ። «ልጁን እዚህ ካስነሳኸው እኔ ስለቴን የበላሁ ሰው ነኝ። ቅጣቱ በኔ ቢመጣ አልፈራም፤ ጠግቤያለሁ፣ ሽማግሌ ነኝ። ግን በኔ አይመጣም። በማን እንደሚመጣ ታውቀዋለህ።»

ኢስቲር ከውስጥ ሆና እያጠባች ነበር። ሁሉንም ሰማች። ማታውን ለወሂብ «ይቅር፣ እንቆይ» አለችው፤ ወሂብም እሺ አለ። በበዓሉ ቀን የመንደሩ ሕፃናት ሁሉ ነጭ ለብሰው ክርስትና ሲነሱ፣ የጸናጽሉና የእልልታው ድምፅ ግቢያችን ድረስ ሲመጣ፣ እናቴ መኝታ ቤቷን ዘግታ ዋለች። እኔ የሰፋሁትን ልብስ አጥፌ ሳጥን ውስጥ ከተትኩ። አባ ቢሳዳ ካሁን ካሁን ይመጣሉ ብለው ገንዳውን ሳይደፉ እስከ ምሽት አቆይተውት ነበር አሉ።

እናቴ ያኮረፈችው እስከ መስከረም ነው። ከዚያ ዘመድ ገባና አስታረቀ። ክርስትናው በጥር በማዶ ይሆናል፤ የልጁ የመጀመሪያ ጸጉር ደግሞ በሚመጣው ሐምሌ በኛው ታድሮስ ይላጫል፣ በግም ይታረዳል። ሁሉም ተሳሳመ። ሙቀዲስ ባስታ ለእናቴ ከማዶ ቴምር ላኩ፤ እናቴም አንድ እንስራ የሸንኮራ ማር መለሰች። ልጁ ግን ሳይጠመቅ ከረመ።

ስሙ ታድሮስ ነው ተባለ፤ ሁለቱ ወገን ያለ ጠብ የተስማሙበት ይህን ብቻ ነው። እንግዲህ ስም የሚጸናው በገንዳው ነው፤ እስከዚያው እንዲሁ እንጠራው ነበር። ወፍራም፣ ሳቂታ ልጅ ወጣው። የስፌት መኪናዬን ድምፅ ይወድ ነበር። ፔዳሉን ስረግጥ ይስቃል፤ ሳቆም ያለቅሳል። ብዙ ቀን የምሰፋው ሳይኖረኝ ባዶ መኪና ነድቼለታለሁ። የክርስትና ልብሱን በጥቅምት በጎንና በጎኑ ፈትቼ አሰፋሁት። ኅዳር ሲያልቅ እሱም ጠበበው። ሌላ ቆረጥኩ። እኔ ባል አላገባሁም፤ ልጅም የለኝም፤ ያንን ልብስ ስሰፋ የተሰማኝን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል፣ ልደት ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ልጁን አተኮሰው። ከተማ ወስደን ሐኪም አየው። ሳንባው ነው ብሎ መርፌ ወጋውና መድኃኒት ሰጠን። ቀኑን ቀለል ያለው መሰለ። በማግስቱ ጠዋት ግን ጡት አልይዝ አለ። ሲተነፍስ የጎድን አጥንቶቹ መሃል ይሰረጉዳል፤ ከንፈሩም መልኩን ለወጠ።

ውጭው ጭጋግ ነበር። በታኅሣሥ ከዓባይ የሚነሣው ጭጋግ የግቢያችንን ዘንባባ እንኳ አላሳይ ይላል። የቤተ ክርስቲያናችን ደወል ግን ይሰማል፤ አጥራችን ሥር ነው ያለው።

«አባ ቢሳዳ ቅዳሴ ላይ ናቸው» አለች እናቴ። «ይዘነው እንሂድ። ውሃ ቀድቶ ገንዳውን መሙላት ምንም አይደለም። አሁኑኑ ክርስትና ይነሳ።»

ኢስቲር ቀና ብላ አየቻት። «እዚህ?»

«እዚህ ነዋ። ሌላ የት አለ?»

«አሁንም?» አለች ኢስቲር። ድምጿን ከፍ አድርጋ ስትናገር ያን ቀን ነው የሰማኋት። «ልጄ እንዲህ ሆኖ እያዩት፣ አሁንም የእርስዎ ታድሮስ እንዲያሸንፍ ነው የሚፈልጉት?»

እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ልጄ፣ ታድሮስን ተይው» አለች። «ስለ ታድሮስ አላወራሁም። ስለ ልጁ ነው የማወራው።»

እውነቷን ነበር። ፊቷን አይቻለሁ፤ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሰው ወራት ሙሉ ሲጮህበት የኖረውን ነገር አንድ ጠዋት ተወው ቢል ማን ያምነዋል? ኢስቲር አላመነቻትም። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን እኔም አላምናትም ነበር።

«አባቴ ተስሏል» አለች ኢስቲር ልጁን በፎጣ እየጠቀለለች። «ስለቱን እንበላለን ብለን ነው ይህ የመጣው። አይታያችሁም? እየወሰደው እኮ ነው። ጥርን አልጠብቅም። አሁን አሻግሬ በገንዳው አስነሳዋለሁ፣ ያኔ ይተውልኛል።»

«ኢስቲር» አልኳት፣ «የኛው እዚህ አጥር ሥር ነው። ማዶ ጭጋግ ነው።»

«የኛው፣ የኛው!» አለችኝና ሻርፗን ጣል አድርጋ ወጣች።

ወሂብ እናቱን አየ፣ ሚስቱን አየ። ዕድሜውን ሙሉ ለእናቱ ቀድሞ እሺ ሲል የኖረው ወንድሜ ያን ጠዋት ለሚስቱ እሺ አለ። የክርስትናውን ልብስ ከሳጥን አወጣሁና ተከተልኳቸው።

ሸውቂ ሞተር ማስነሳት አልደፈረም። «በዚህ ጭጋግ የድንጋይ ጫኝ ጀልባ ቢመጣብኝ አላየውም» ብሎ በመቅዘፊያ ጀመረ። እየቀዘፈ ወደ ማዶ ይጮኻል፤ ከማዶ ሰው ሲመልስለት ወደ ድምፁ ያቀናል። ሌላ ጊዜ ቶሎ የሚያልቀው ውሃ ያን ቀን መጨረሻ አልነበረውም። የልጁ ትንፋሽ ይሰማኝ ነበር። ወሂብ ካፖርቱን አውልቆ የሚስቱን እግር ሸፍኖ ተቀምጧል።

መሃል ላይ ስንደርስ ትንፋሹ መሰማቱን ተወ።

«ተኛ» አለች ኢስቲር። ፊቷ በራ። «እትዬ ሸፊቃ፣ አየሽ? ገና መሻገር ስንጀምር ተኛ። ምሥራቃዊው ተቀበለን።»

እጄን ሰድጄ ጉንጩን ነካሁት። ከዚያ ወሂብን አየሁት፤ እሱም አየኝ። ሸውቂ መቅዘፊያውን ውሃ ውስጥ እንዳስገባ ቀረ። እሷ ዝቅ ባለ ድምፅ እሹሩሩ ትለው ነበር፤ እንዴት ይነገራታል? ሸውቂ እንደገና ቀዘፈ።

ሙቀዲስ ባስታ የሸውቂን ጩኸት ሰምተው ከዳር ወርደው ነበር። የቆመችውን ልጃቸውን ሲያዩ ገባቸው፤ ምን እንደገባቸው ግን እግዜር ያውቃል። ልጁን ከእጇ ተቀብለው ሮጡ። እኔም ልብሱን ይዤ ተከተልኳቸው። ያ ሽማግሌ፣ ጉልበቱ የሚያመው ሰው፣ ዳገቱን በሩጫ ወጣው። አንድ ጫማቸው መንገድ ላይ ቀረ።

የማዶው ቄስ ገና ከቅዳሴ መውጣታቸው ነበር። ሙቀዲስ ልጁን ዘረጉላቸው። «አባ፣ ገንዳውን! ቶሎ!» አሉ። ቄሱ ፎጣውን ገለጥ አድርገው ጆሯቸውን ደረቱ ላይ አደረጉ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው ፎጣውን መልሰው ሸፈኑት።

«ሙቀዲስ፣ የሞተ አይጠመቅም።»

«ገና ሙቅ ነው፣ አባ። ይንኩት እስቲ። ሙቅ ነው።»

«የእርስዎ ደረት ነው ያሞቀው» አሉ ቄሱ።

ሙቀዲስ ባስታ ገንዳው አጠገብ ተቀመጡ። ልጁን ለማንም አልሰጡም። ኢስቲር ከወሂብ ጋር ደርሳ ከበሩ ላይ ቆመች፤ አባቷን አይታ ምንም ሳትጠይቅ ተመልሳ ወጣች።

የሁለቱም መንደር ሰው የሚቀበረው በማዶ ነው፣ ተራራው ሥር፤ በኛ በኩል ያለው መሬት የእህል ነው። ስለዚህ ልጁን መመለስ አላስፈለገም። አያቱ ራሳቸው ቆፈሩ። ፍትሐት የለም፣ ዕጣን የለም፤ ላልተጠመቀ አይደረግም። እናቴ በሁለተኛው ጀልባ ደርሳ ነበር። ያንን ነጭ ልብስ እኔና እሷ አለበስነው፤ ልክ ሆነለት። ቀዩን መቀነት ማሰር ግን የቄስ ነው። እጄ ላይ ቀረ። ሙቀዲስና እናቴ ጉድጓዱ ዳርና ዳር ቆሙ። ሊወነጃጀሉ ይችሉ ነበር። እኔ እንኳ የሁለቱንም ጉሮሮ ባንቅ ደስ ባለኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላል የአገሬ ሰው፤ እነሱ ግን የፈሩትን ራሳቸው በጀልባ አሳፍረው አመጡት።

ልጃቸው ሳይጠመቅ ለሞተባቸው ወላጆች ቤተ ክርስቲያን የዓመት ጾም ታዝዛለች። ወሂብና ኢስቲር ጾሙ። እናቴም ሳትታዘዝ ጾመች። ከማዶ የመጣ ሰው ሙቀዲስ ባስታም እንደዚያው ደረቅ ቂጣና ጨው ላይ መሆናቸውን ነገረን። ጥር አሥራ ሁለት ሲደርስ ተራራውን አልወጡም። ሐምሌ ሃያ ሲመጣ እናቴ ከቤት አልወጣችም። በጀልባው ላይ በሁለቱ ታድሮስ የሚቀልድ ጠፋ፤ አንድ የማያውቅ ተሳፋሪ ጀምሮ ሸውቂ ዝም አሰኘው።

ዓመቱ ሲያልቅ ኢስቲር አባ ቢሳዳ ዘንድ ሄደች። እኔ አብሬያት ነበርኩ። ለራሷ ምንም አልጠየቀችም። «አባ፣ ሙታን ሲታሰቡ እሱንም ይጥሩልኝ» አለች።

አባ ቢሳዳ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ያዙ። «ልጄ፣ በየቀኑ እጸልይለታለሁ፣ ቤቴ፣ ብቻዬን» አሉ። «በቅዳሴ ላይ ግን በስም የሚጠራው ስሙን ከገንዳ የተቀበለ ነው። አልተፈቀደልኝም።»

«ገባኝ» አለች።

በየእሑዱ ትመጣለች። አባ ቢሳዳ ጽናቸውን ይዘው በሴቶቹ በኩል ሲያልፉ እያንዳንዷ የሞተባትን ሰው ስም በጆሯቸው ትነግራቸዋለች፤ እሳቸውም መሠዊያው ፊት ቆመው ጮክ ብለው ይጠሯቸዋል። በኛ መንደር ደግሞ ሟቹ ሁሉ ታድሮስ ነው። አናጢው ታድሮስ፣ የዓይነ ስውሯ ወንድም ታድሮስ፣ በወታደርነቱ የሞተው ታድሮስ። አባ ቢሳዳ «ታድሮስ» ይላሉ፤ ኢስቲር ቀና ትላለች። ከጎን አንዲት ሴት «አቤቱ አስበው» ትላለች፤ ኢስቲር አንገቷን ትደፋለች። እንደገና «ታድሮስ» ይላሉ፤ እንደገና ቀና ትላለች። እያንዳንዱ ታድሮስ ባለቤት አለው።

ባለፈው እሑድ ስንወጣ ክንዴን ያዘችኝ። የሚያስቅ ነገር ልትናገር እንዳሰበች አፏን በእጅጌዋ ሸፍናለች።

«እትዬ ሸፊቃ፣ ዛሬስ ብዙ ጊዜ ጠሩት» አለችኝ። «ከእነዚህ ሴቶች አንዷ ታድሮሷን ለአንድ እሑድ ብታውሰኝ ምን ይጎድልባት ነበር?»

አብረን ወደ ቤት ሄድን።